የማን ልጅ ነህ?

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ጠዋት ግመል የነከሰችውን ሰውዬ ክንድ እያጠብኩ ነበር። ከሶሎሎ መንገድ የመጣ ነው። ግመሏን እየረገመ፣ እኔን እየመረቀ... ፋሻውን ሳዞር ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አላየሁትም። ቁስል ተይዞ ስልክ አይታይም። ጨረስኩ፣ ሰኞ ተመለስ አልኩት፣ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ አየሁት።

አላለፍሽም።

ሌላም ብዙ ነገር ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ሁሉም ያው ነው። የነርስነት ፈቃድ ፈተና፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ወደቅኩ።

ጓሮ ወጣሁና ባልዲውን ረገጥኩት። አልተሰበረም። ደገምኩት። በሦስተኛው ተሰነጠቀ፣ የአውራ ጣቴ ጥፍርም አብሮ ተሰነጠቀ። ደሙን ሳይ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። ይሄ ደብተር የተገዛው እውነት ሊጻፍበት ነው። ደስ አለኝ።

ከሥራ ስመለስ ወንድሜ ዋቆ ሞተሩን ያጥባል። በቦዳ ሥራ፣ ሰው በሞተር በማመላለስ፣ የሚያድር ሰው ከሚስት ይልቅ ሞተር ያጥባል። «ሲስታ ሀዋኦ! ውጤት አልመጣም?» አለኝ። ኔትወርክ የለም አልኩት። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ሲስታ ነው የሚለኝ፣ ነርሷ ማለቱ ነው። ፈቃድ ሳይኖረኝ ሁለት ዓመት ሲስታ ተባልኩ።

በአማርኛ የምጽፈው እቤታችን ፊደል የሚያነብ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። ከድንበሩ ወዲያ በአማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩት ለዚህ ጠቀመኝ። ዋቆ የዶሮ ጭረት ይለዋል። ይበል።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ለኪሩ ነገርኩት። የክሊኒኩ ባለቤት እሱ ነው፣ ክሊኒካል ኦፊሰር፣ ማለት ጤና መኮንን፣ ከደጋ መጥቶ እዚህ አሥራ አንድ ዓመት የኖረ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። በቀስታው ያበሳጨኛል።

«ጽሑፉን?»

«አልፌዋለሁ።»

«ተግባሩን?»

«አራተኛው የፈተና ጣቢያ ላይ ነው የወደቅኩት።»

ንገሪኝ አለኝ። ነገርኩት። ሁለት ሰዎች ቀይ ቀለም ተቀብተው አልጋ ላይ ተኝተዋል፣ የበሽተኛ ትወና ነው። ካርዱ «በጠብ የተጎዱ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ መጥተዋል፣ አራት ደቂቃ አለሽ» ይላል። እኔ ምን አደረግኩ? «የማን ልጅ ነህ? አንተስ?» አልኩ። አንደኛው ግራ ገብቶት «ጄምስ» አለ። ሌላው ዝም። ዝም ያለውን ከነአልጋው ገፍቼ መጋረጃ ጀርባ ወሰድኩት። መቀሱንና ምላጩን ከሁለቱም አጠገብ ሰበሰብኩ። በሩን ዘጋሁ። ያኔ ፈታኟ ሰዓቷን አይታ «በሽተኛሽ ሞቷል» አለች።

«የትኛው?»

«መጋረጃ ጀርባ ያስቀመጥሽው። የአየር መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ትንፋሹን አላየሽም፣ አባቱን ጠየቅሽ።»

እና አፌ! «ሞያሌ ብትመጪ አንቺም አብረሽው ትሞቺ ነበር» አልኳት። ፈታኟን!

ግን ውሸት ነው ያልኩት? በእኛ ክሊኒክ ክፍል አንድ የእኛዎቹ ነው፣ ክፍል ሁለት የእነዚያ። የጎሣዎቹን ስም እዚህ እንኳን አልጽፍም። ከአራት ዓመት በፊት ሁለት ቁስለኞች ጎን ለጎን ተኝተው፣ ጠያቂ መስሎ የገባ ሰው አንዱን አልጋው ላይ እንዳለ አርዶት ሄደ። ፍራሹን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ያኔ ተማሪ ሆኜ ለልምምድ መጥቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ በር ላይ እንጠይቃለን፣ እንለያለን፣ ስለት እንሰበስባለን፣ ከዚያ እናክማለን። እንዲህ ያስተማረኝ ኪሩ ራሱ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ልመታው ፈለግኩ። ጥፋቱ የሱ ከሆነ ለምን እኔ ወደቅኩ?

«በር ላይ ስም ስንጠይቅ ስንቱ ትንፋሽ እንዳጠረው ቆጥረን አናውቅም» አለ ደግሞ። ይሄኛው ውስጤ ቀረ።

እስካልፍ ድረስ በሕግ መርፌ አልነካም። ማጠብና ማሰር ብቻ። ቀጣዩ ፈተና የካቲት 24 ነው፣ ሦስተኛዬ፣ የመጨረሻዬ። ከወደቅኩ ትምህርቱን ከአንደኛ ዓመት እንደገና። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። እንደገና? ከሕፃናት ጋር?

ዓርብ፣ ጥር 9

ቤተሰቡ ሰማ። ማን ነገራቸው? ሞያሌ ነግራቸዋለች።

አጎቴ ዲዳ መጡ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤታችን የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው «ሁለት ጊዜ ወድቆ ሦስተኛ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ። «ማል? ለምን አትተይውም? ባል አለ፣ ሱቅ አለ።» እናቴ ሻይ ቀዳችላቸው።

የዲዳ ልጅ ሻሚ ግን ሳቀች። «ሲስታ ሳትሆን ሲስታ!» አለች። ከጎኔ የነበረውን የሻይ ቴርሞስ አንስቼ ወረወርኩባት። ቅንድቧ ላይ አረፈ፣ ተሰበረ፣ ቅንድቧም ተከፈተ። እሷ ስትጮህ እኔ ቀድሜ ደርሼ በነጠላዬ ጫንኩላት። «ጭንቅላትሽን ወደ ኋላ አትጣይ! ዝም በይ! ተጫኚ!» እያልኩ። የፈነከትኳት እኔ፣ ደሙን ያቆምኩት እኔ። እንዲህ ዓይነት እብደት አለ?

ኪሩ ሦስት ቦታ ሰፋት። እኔ መርፌ አልነካማ።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ሻሚን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ጠባሳው ካማረብኝ ይቅር እልሻለሁ» አለች። ባለጌ። ግን ሳቅን።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ሁለት ቢጫ ጄሪካን እንደ በሽተኛ ጓሮ አስተኛሁ። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእነዚያ። ከበሩ ሮጬ እገባለሁ፣ መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ደም። የክሊኒኩ መዝጋቢ ሻሮን በስልኳ ሰዓት ትይዝልኛለች። በየቱ ጄሪካን ላይ ችግር እንዳለ የምትወስነው እሷ ናት፣ አትነግረኝም።

ስምንት ጊዜ ሞከርኩ። ስምንቱንም ጊዜ እግሬ መጀመሪያ ወደ እኛው ጄሪካን ሄደ። ሻሮን ከደቡብ ነች፣ አይገባትም። «ሀዋኦ፣ ውሃ እኮ ነው ያለበት!» ትለኛለች። አውቃለሁ! ጄሪካን መሆኑን አውቃለሁ! በመጨረሻ የእኛውን በእርግጫ አልኩት።

ሰኞ፣ ጥር 19

አሥራ ሁለት ጊዜ። አራቱን ልክ ሠራሁ። ከአራት ማለፍ አቃተኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ በልቼ እንደገና መጽሐፍ ያዝኩ። ሌላ ምን አለኝ?

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ኦዳ መንደር አጠገብ ባለው የውሃ መቅጃ ላይ የእኛዎቹና እነዚያ ተጣሉ። ትናንት አንድ የእኛ ሰው ሞቷል፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት የእነሱ። የከብት ገበያው ባዶ ነው። ሱቆች ተዘግተዋል። ተኩስ ይሰማል፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይለይም።

ዋቆ ገጀራ ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ዞር በይ።»

«የት ነው የምትሄደው?»

«ሁሉም እየሄደ ነው። እኔ ሴት ነኝ?»

እጁን ነከስኩት። እውነት ነከስኩት፣ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። ገፍትሮ ጣለኝ። ስነሳ የሞተሩን ቁልፍ ከጠረጴዛው ቀድሜው አንስቼ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። አየኝ። በቡጢ ሊለኝ ተነስቶ ተወው። በእግሩ ሄደ።

እናቴ ግቢው መሃል ቁጭ ብላለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ብዕር መያዝ የቻልኩት ዛሬ ነው። እሑድ የሆነውን ልጻፍ። ካልጻፍኩት ያፈነዳኛል።

ኪሩ ምጥ የጠናባትን ሴት ይዞ ወደ ሶሎሎ ሆስፒታል ሄዶ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ እኔና ሻሮን ብቻ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፒካፕ መጣ። አራት ሰው ተሸክሞ የገባው ዋቆን ነው። የግራ እጁ ከአንጓው በላይ በገጀራ ተከፍቷል። በእግሩ ነበር የሚሮጠው፣ ደረሱበት። ሞተር ቢኖረው... አልጽፈውም። ጻፍኩት።

ከኋላቸው ባጃጅ ቆመ። ሹፌሩ አንድ ሰው በሩ ላይ አውርዶ ጣለና ሳይዞር ጠፋ።

እግሬ ወደ ዋቆ ሄደ። አፌም «የማን...» ብሎ ጀምሮ ነበር። ጀምሮ ነበር! ዋቆ ይጮሃል፣ እናቴን ይጠራል፣ እኔን ይሰድባል። የሚጮህ ሰው ይተነፍሳል። ያኛው አይጮህም። ደረቱ ይነሳል፣ አየር ግን አይገባም። ጉሮሮው ውሃ የተቋረጠበት ቧንቧ ሲከፈት የሚያወጣውን ድምፅ ያወጣል።

«ሻሮን! እጁን ወደ ላይ! በፎጣው ተጫኚ! ሀራካ፣ ቶሎ! እኔ እስክል እንዳትለቂ!»

ያኛውን በጎኑ ገለበጥኩት። ፊቱ በድንጋይ ተቀጥቅጧል፣ መንጋጋው ተሰብሯል። ጣቴን አፉ ውስጥ አስገባሁ። ጥርስ፣ የረጋ ደም፣ ሌላ ጥርስ። እያወጣሁ ወለሉ ላይ ጣልኩ። መንጋጋውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ፊት ሳብኩት። አየር ገባ። ለቀቅ ሳደርገው ይዘጋል፣ ስይዘው ይተነፍሳል። ስለዚህ መልቀቅ የለም። በቃ።

ዋቆን ያመጡት ሰዎች ገጀራቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ናቸው። ዲዳ ከመሃላቸው ወጣ።

«ሀዋኦ! ወንድምሽ እዚያ ነው!»

«እሱ ይተነፍሳል!»

«ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«አላውቅም!»

«እኔ አውቃለሁ! ልቀቂው!»

አልለቀቅኩም። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጀርባዬ ላይ። ሦስተኛው እዚያው ትከሻዬ ላይ፣ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። አራተኛው... ከዚያ መቁጠር ተውኩ። «ምታኝ! አንተ ሽማግሌ፣ ምታኝ! አልለቅም!» እያልኩ እጮሃለሁ። አንተ አልኩት፣ አጎቴን። በሦስት ቋንቋ የማውቀው ስድብ ሁሉ ወጣ። እጄ ግን እንደያዘ ነው። አንዱ ከኋላ «ተዋት፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ እንጨርሳቸው» ሲል ሰማሁ። የማውቀው ድምፅ ነው። ሠርጌ ላይ እጨፍራለሁ ይለኝ የነበረ ሰው ነው።

ወታደሮች መጡ። ገጀራ የያዘው ሁሉ በጓሮ አጥር ዘለለ። ዲዳም ዘለለ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቱ። ሊያስቀኝ ይገባ ነበር።

ኪሩ ሲመለስ መንጋጋውን እንደያዝኩ ነው ያገኘኝ። አርባ ደቂቃ ገደማ ይዤው ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀልኝ። ሻሮንም የዋቆን እጅ አልለቀቀችም፣ እስከ ክርኗ ደም ነበረች፣ እያስታወከች ትጫን ነበር።

ሁለቱም አልሞቱም። የዋቆ ሁለት ጣቶች ግን አይታጠፉም፣ ጅማቱ ተቆርጧል። ያኛው ስሙ ሰሊም እንደሆነ ትናንት ሰማሁ። ዘመዶቹ መጥተው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት፣ ማንም አላናገረኝም። ዋቆን የቆረጠው እሱ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅኩም። ልጠይቅም አልፈልግም።

ትከሻዬ ተሰንጥቋል ብሏል ኪሩ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ዲዳን አንቱ አልለውም።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዲዳ ግቢያችን እንዳልገባ ከልክሏል። ክሊኒኩ ጀርባ ካለችው ክፍል ከሻሮን ጋር ነኝ። እናቴ ልብሴን በፌስታል አመጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ እኔ ብሆን ወደ ዋቆ ነበር የምሄደው። አልዋሽሽም።»

«እኔም እማ መጀመሪያ ወደሱ ነው የሄድኩት።»

ተቃቅፈን ቆየን። ያመመኝን ትከሻ ነው ያቀፈችው፣ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ዋቆ ለፋሻ መጣ። ኪሩ ሥራ ላይ ስለነበር እኔ ፈታሁለት። እጁን ስይዝ ፊቴ ላይ ተፋ።

ጠርጌ በትዕግሥት ቀጠልኩ ብዬ ብጽፍ ያምር ነበር። በጥፊ ነው ያጮልኩት። ሻሮን ስልኩን ጥላ ሮጣ መጣች። ዋቆ ጉንጩን ይዞ ተቀምጦ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ከዚያ እጁን መልሶ ሰጠኝ። አጠብኩት፣ አሰርኩት። ሲወጣ «የሞተሩን ክላች በምን ልይዘው ነው?» አለ።

ዲዳን ስለመግደል አስባለሁ። ለፈተና ሳጠና እንኳን በመሃል እሱ ይመጣብኛል። ዱላውን ቀምቼ፣ እዚያው ትከሻ ላይ... ገጹን ገልጬ እቀጥላለሁ። ሁለት ገጽ ሳልሄድ ይመለሳል። ይሄ ንዴት አንድ ቀን እኔኑ ይበላኛል። ግን ሌሊት ስነቃ ተነስቼ እንዳጠና የሚያደርገኝም እሱ ነው። ምን ላድርገው?

ሰኞ፣ የካቲት 24

ናይሮቢ። አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ እንቅልፍ ነሳኝ። ተፈተንኩ።

አራተኛው ጣቢያ ላይ ያችው ፈታኝ። አላስታወሰችኝም። አሁን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ከጣሪያ የወደቀ። እጄ ከአፌ ቀድሞ ሄደ። ትንፋሽ። አንገት። ደም። አፌ ዝም ብሎ ዋለ። ስጨርስ «ከየት ነሽ?» አለችኝ። እሷ ናት የጠየቀችኝ! «ከሞያሌ» አልኳት። «ሩቅ ነው» ብላ ጻፈች።

ምን ጻፈች?

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

አለፍሽ ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሻሮን ነጥቃ አነበበችው፣ ኪሩም። ለእናቴ ደወልኩ፣ እልልታዋ ስልኩን ሊሰነጥቀው ነበር፣ ከዚያ ድንገት አቆመች። ዲዳ ግቢው ውስጥ ነበር መሰለኝ።

ለዋቆም ነገርኩት። «እንኳን» አለ። አንድ ቃል ብቻ፣ ግን አለ። አሁን አንድ ሱቅ ውስጥ ነው፣ በአንድ እጁ ጆንያ ይጎትታል። ደስታዬ እስከ ከሰዓት ቆየ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ገበያው መሃል ጠቡ እንደገና ተነሳ። ኪሩ ውስጥ ወሊድ ላይ ነበር። ሁለት ሰው አመጡ።

አንዱ ወጣት ነው፣ ጭኑ ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል። ጩኸቱ እስከ ኬላው ይሰማል። ዘመዶቹ ከበውታል፣ የእነዚያ ሰዎች ናቸው። ሌላው አጎቴ ዲዳ ነው። እሱ አይጮህም። የቀኝ ደረቱ በጩቤ ተበስቷል፣ በተነፈሰ ቁጥር ከቀዳዳው የደም አረፋ ይወጣል። አየሩ በአፉ ሳይሆን በቁስሉ ነው የሚገባው። ከንፈሩ ጠቁሯል።

በዚህ ደብተር አልዋሽም። አንድ ሰከንድ ቆሜ አየሁት። ይሙት አልኩ በሆዴ። አንዲት ሰከንድ። ከዚያ ደረቱን አየሁ፣ ደረት ብቻ።

መዳፌን ቀዳዳው ላይ ጫንኩ። ሻሮን የጓንቱን ላስቲክ አቀበለችኝ፣ ለጠፍኩት፣ ሦስቱን ጎን በፕላስተር አሸግኩ፣ አንዱን ለአየሩ መውጫ ተውኩ። ኦክስጅን። መርፌውን ራሴ ወጋሁ። በሕግ፣ በስሜ።

ከኋላዬ የወጣቱ ሰዎች ጮሁ። «አያችሁ! የራሷን አስቀደመች! ዘሯን ነው የምታክመው!» ድንጋይ በመስኮቱ ገባ፣ ስብርባሪው አንገቴ ላይ ዘነበ። ዞር አላልኩም። ምን ብዬ ላስረዳ? ባለፈው ዘሬን ከዳሁ ተብዬ ተመታሁ፣ ዛሬ ለዘሬ አደላሁ ተብዬ።

ትንፋሹ ሲመለስ ዓይኑን ገለጠ። ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ጊዜ ፈጀበት። የእጄን አንጓ ያዘኝ።

«አየሽ» አለ፣ እየተቆራረጠ። «የኛው ነሽ። እኔን አስቀደምሽ። ደም... ደም ነው።»

ዕንባ አለው ዓይኑ ላይ። ዝም ብል ኖሮ ይታረቀኝ ነበር። ግቢውም ይከፈትልኝ ነበር፣ እናቴም እልልታዋን ትጨርሰው ነበር። አንድ ዝምታ ብቻ ነው የሚፈጀው።

ጎንበስ አልኩ። በሽተኛ ነው፣ ለበሽተኛ አንቱ ይባላል፣ ለአጎትም አዴራ።

«እርስዎ ስለባሰብዎ ነው፣ አዴራ። ልጁ ቢብስበት ኖሮ እሱን ነበር የማስቀድመው። እርስዎ ይጠብቁ ነበር።»

እጄን ለቀቀ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወደ ወጣቱ ሄድኩ። እግሩን ለማቃናት ስይዘው በቡጢ አገጬን አለኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። እግሩን አልለቀቅኩም።